የመሪ ዙር ታሪክ፦ ከጎብዬ አውራ ጎዳና የታየ



የዛሬው ንግግሬ ርዕስ በታሪክ ጉባኤ ላይ እንግዳ ሊመስል ይችላል። የማወራው ስለ መኪና መሪ ነው፤ ይበልጥ በትክክል ለመናገር፣ ሾፌሩ መሪውን አንድ ዙር ሲያዞር የፊት ጎማዎቹ ምን ያህል እንደሚዞሩ ስለሚወስነው ልክ ነው። መሐንዲሶች የመሪ ምጥጥን ይሉታል። ይህን ልክ ማን ወሰነው? ለየትኛው መንገድ ታስቦ ተወሰነ? ዋጋውንስ የከፈለው የማን ትከሻ ነው? እነዚህ ጥያቄዎች የመካኒክ ብቻ ሳይሆኑ የታሪክ ተመራማሪም ጥያቄዎች ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን ከአንድ ቦታ ቆሜ ላስረዳ። ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚሄደው አውራ ጎዳና ሜዳውን ሲይዝ ከሚያልፍባቸው ከተሞች አንዷ ጎብዬ ናት። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ ወደ ላስታ የሚወጣው ገደላማ ሰንሰለት፣ በመካከል የማሽላው ሜዳ አለ። መንገዱ በሮቢትና በቆቦ አድርጎ አላማጣ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ግራ ካህሱን እየተጠማዘዘ ወደ ኮረም ይወጣል። እንግዲህ አንድ የጭነት መኪና በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ጥያቄዎች ይቀርቡለታል። ሜዳው «ቀጥ ብለህ ሂድ፣ እጅህን አታወናጭፍ» ይለዋል፤ ተራራው ደግሞ «ቶሎ ዙር፣ ቶሎ መልስ» ይለዋል። ሁለቱንም እኩል የሚያረካ ጥርስ እስካሁን አልተሠራም።

ቁጥሩን እንመልከት። የመኪናው ምጥጥን 18 ለ 1 ከሆነ ጎማውን 30 ዲግሪ ለማዞር መሪው 540 ዲግሪ፣ ማለትም አንድ ዙር ተኩል መዞር አለበት። በ24 ለ 1 ሁለት ሙሉ ዙር ይጠይቃል፤ በ12 ለ 1 አንድ ዙር ይበቃዋል። ይህ የመጨረሻው ፈጣን መሪ የሚባለው ነው። ነገር ግን ተፈጥሮ በነጻ የምትሰጠው ነገር የለም፤ ከ18 ወደ 12 የወረደ መሪ፣ ሌላው ነገር ሁሉ ሳይለወጥ፣ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ጉልበት ይጠይቃል። የቀድሞ የጭነት መኪናዎች መሪ እንደ ሰፌድ የሰፋውም ለውበት ሳይሆን ለዚሁ ነው፤ ክቡ በሰፋ መጠን እጅ የበለጠ ጉልበት ያገኛል።

የዚህ ታሪክ መነሻ ከመኪና ይቀድማል። ሠረገላ ሲዞር የውስጠኛው ጎማ ከውጪኛው ይልቅ በጠበበ ክብ መሄድ አለበት። ይህን የፈታውን ስልት የሙኒኩ ሠረገላ ሠሪ ጌኦርግ ላንከንስፐርገር አፈለቀው፤ እ.ኤ.አ. በ1818 ለንደን ውስጥ የባለቤትነት መብቱን ያስመዘገበው ግን ሩዶልፍ አከርማን ነበር። ስልቱም እስከ ዛሬ የሚጠራው በአስመዝጋቢው ስም ነው፤ የሠሪው ስም ተረስቷል። ክብ መሪ የመጣው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 ከፓሪስ ወደ ሩዋን በተደረገው ውድድር አልፍሬድ ቫሸሮን በመኪናው ላይ የነበረውን የመሪ ዘንግ አንስቶ ክብ መሪ ገጠመ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1900 ዓ.ም.፣ እንግሊዛዊው ቢድ ቤንትሌይ ሲድሊ የተባለች መኪና ይዞ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ገባ፤ ዳግማዊ አፄ ምኒልክም ተሳፈሩባት። ቤንትሌይ ላለፈበት ምድር የሚስማማ መሪ ያኔ አልነበረም፤ መንገዱም ራሱ አልነበረም።

መንገዱ በብዛት የመጣው ከወረራው ጋር ነው። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ከተደረገው የማይጨው ጦርነት በኋላ የጣሊያን ጦር ወደ ደቡብ ወረደ፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም ከአሥመራ በደሴ በኩል አዲስ አበባ የሚደርሰው አውራ ጎዳና ተሠራ። የግራ ካህሱ ጠመዝማዛም የዚያ ዘመን ሥራ ነው። በመንገዱ ላይ የተመላለሱት ፊያት 634፣ በእኛ ሾፌሮች አነጋገር ትሬንታ ኳትሮ፣ እና ላንቻ ትሬ ሮ ነበሩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ጣሊያኖች በአገራቸው በቀኝ እየነዱ፣ የከባድ መኪኖቻቸውን መሪ ግን በቀኝ በኩል ያደርጉ ነበር። ምክንያቱ የአልፕስ ተራራ ነው፤ ሾፌሩ በገደሉ በኩል ተቀምጦ የመንገዱን ጠርዝ በዓይኑ እንዲያይ ተፈልጎ ነው። ስለዚህ አላማጣና ኮረም መካከል የገደሉን አፍ ያየው ሾፌር የተቀመጠበት ወንበር ለሌላ አገር ተራራ ታስቦ የተሠራ ነበር። ተራራ ከተራራ ብዙ አይለይምና ብልሃቱ ለዚህም ሠራ፤ ይህ ግን የመግጠም ጉዳይ እንጂ የመምረጥ ጉዳይ አልነበረም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ መኪናዎቹም ቃላቱም ቀሩ። ዛሬም በየጋራዡ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ጎማ እንላለን፤ አውቶቡስ ላይ የሚጫነውን ዕቃ ፖርቶ መጋላ ላይ እናስራለን። የቋንቋ ተማሪዎች ስለ እነዚህ ቃላት ብዙ ሊጽፉ ይችላሉ። እኔን ግን ከቃላቱ ጀርባ ያለው የእጅ ትምህርት ይበልጥ ይስበኛል፤ ቃሉን የተዋሰ ጋራዥ ክፍሉን ፈትቶ የመግጠም እውቀትም ወርሷልና።

ቀጥሎ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. መጣ። በዚያ ዕለት ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ተሻገረች። በወረቀት ላይ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ በመሪው ጀርባ ግን አንድ ትውልድ ሙሉ የቆየ ጣጣ ነበረው። ፊያት 682፣ ያ ኤንትሬ የምንለው፣ ከጣሊያን ሲወጣ ብዙው በቀኝ መሪ ነበር። በቀኝ የሚሄድ፣ በቀኝ የተቀመጠ ሾፌር የፊቱን ከባድ መኪና ለመቅደም ሲፈልግ ከወዲያ የሚመጣውን አያይም። የሚያይለት በግራ የተቀመጠው ረዳት ነው። የጭነት ረዳትን ታሪክ ስንጽፍ ጭነት ማሰርንና ጎማ መቀየርን እንጠቅሳለን፤ የሾፌሩ ግራ ዓይን መሆኑን ግን እንዘነጋለን።

ሃይድሮሊክ የሚያግዘው መሪ በገበያ መኪና ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1951 በአሜሪካው ክራይስለር ኢምፔሪያል ነው። እስከዚያ፣ በብዙ የጭነት መኪናም ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ ዘገምተኛ መሪ ግዴታ ነበር። ግራ ካህሱ ላይ በ24 ለ 1 የሚዞር ሾፌር በአንድ ጥምዝ ሁለት ዙር ይወስዳል፣ ሁለት ዙር ይመልሳል፣ ወዲያው ለተቃራኒው ጥምዝ ሁለት ይጨምራል። ይህን ሁሉ ማርሽ እየለወጠ ነው። የመሪ ፍጥነት ያኔ በሥጋ የሚለካ ነገር ነበር።

በሌላ በኩል ጥርሳም ዘንግና ፒኒዮን የሚባለው ቀላል ስልት እየተስፋፋ መጣ፤ ሲትሮየን እ.ኤ.አ. በ1936፣ ሞሪስ ማይነር በ1948 ይዘውት ወጡ። በመሪው አምድ ጫፍ ያለች ትንሽ ጥርሳም ክብ ዘንጉን ወደ ግራና ቀኝ ትገፋዋለች፤ ሌላ ውስብስብ ነገር የለውም። ይህ ስልት የእንግሊዝን ኪት ካር ሠሪዎች አነቃ። ኪት ካር ማለት ባለቤቱ ክፍሎቹን ገዝቶ በቤቱ የሚገጣጥማት መኪና ናት። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣችው ሎተስ ሰቨን ዝነኛዋ ናት፤ ተፈትታ ስትሸጥ የግዢ ቀረጥ ስለማይከፈልባት ተፈላጊነቷ ጨመረ። ባለቤቱ የፈለገውን መሪ የመግጠም መብት ነበረው፤ ፈጣን ዘንግም ይገጥም ነበር።

ይህ መብት ግን ስሌት ይጠይቃል። ፒኒዮኑ ጥርሱ ሲበዛና ክቡ ሲሰፋ ዘንጉ በአንድ ዙር፣ ለምሳሌ በ44 ፋንታ 55 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፤ መሪው በ25 በመቶ ፈጠነ ማለት ነው። እዚህ ድረስ ቀላል ነው። ችግሩ የዘንጉ ርዝመትና የተቀመጠበት ከፍታ ነው። ከጎማው ማንጠልጠያ መገጣጠሚያዎች ጋር ካልተስማሙ፣ ጎማው ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ ሾፌሩ ሳያዝዘው በራሱ ይዞራል። ፈጣን መሪ የገጠመ ሰው ይህን ካልለካ የገዛው ፍጥነት ሳይሆን ጠላት ነው።

ከዚህ ተነሥቼ ወደ ጎብዬ ልመለስ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 22 ሜትር በምትሄድ፣ በፊትና በኋላ ጎማዎቿ መካከል 2.4 ሜትር ባላት መኪና የሾፌሩ እጅ በድንጋጤ 6 ዲግሪ ብቻ ቢሳት፣ በ24 ለ 1 መሪ መኪናዋ በአንድ ሰከንድ ወደ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ጎን ትሄዳለች። በ12 ለ 1 መሪ ወደ 90 ሴንቲ ሜትር። ስሌቱ የጎማን መንሸራተት ስለማያስገባ ግምት ነው፤ ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። በእሽቅድድም ሜዳ 90 ሴንቲ ሜትር የአስፋልት ጠርዝ ነው። በገበያ ቀን ጎብዬ መሐል ግን እዚያ ጠርዝ ላይ ማሽላ የጫነች አህያ፣ ከኋላዋም የሚነዳት ልጅ ይኖራሉ።

በእኛ አገር ይህን ምርጫ የሚመርጥ ሰው ነበረ ወይ? እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተው አምቼ ከውጭ ተፈትተው የመጡ የጭነት መኪናዎችን አዲስ አበባ ላይ ገጣጥሟል። በቃሉ ሰፊ ትርጉም እሱም ኪት ነው። ልዩነቱ ወሳኝ ነው፦ እንግሊዛዊው በጋራዡ ጥርሱን ይመርጣል፤ የእኛ ገጣጣሚ ግን ተወስኖ የመጣውን ጥርስ በተባለው ቦታ ያስቀምጣል። እውነተኛው የመሪ ለውጥ ከፋብሪካ ውጭ ነው የተካሄደው፤ ለጃፓን መንገድ በቀኝ መሪ ተሠርተው ወደ ግራ በተዛወሩት ያገለገሉ መኪናዎች። የቀኝ መሪ ዘንግ ፒኒዮኑ በቀኝ ጫፍ ስለሆነ ተጎትቶ ወደ ግራ አይሄድም፤ መለወጥ አለበት። ቪትዝ በአውሮፓ ያሪስ ተብላ በግራ መሪ ስለተሸጠች ልኳን የጠበቀ ዘንግ አላት። በግራ መሪ ተሠርታ ለማታውቅ መኪና ግን የሌላ መኪና ዘንግ ሲገጠም፣ ከላይ ያልኩት የርዝመትና የከፍታ ጥያቄ ሁሉ ተመልሶ ይመጣል። ያን ጊዜ ሠራተኛው ሳያውቀው የኪት ካር መሐንዲስ ሆኗል፤ ሥዕልም መለኪያም ሳይሰጠው። ይህን ለመናቅ አልናገርም። ሥራው የመሐንዲስ ሥራ ከሆነ ሥልጠናውም የዚያው ልክ ሊሆን ይገባል እላለሁ።

በጥርስ የማይቀነስ መሪ ማየት የሚፈልግ ደግሞ ባጃጅን ይመልከት። እጀታው 10 ዲግሪ ሲዞር የፊት ጎማው 10 ዲግሪ ይዞራል፤ 1 ለ 1። በጠባብ የገበያ መንገድ ወደር የለውም፤ በአውራ ጎዳናው ላይ በከባድ መኪኖች መካከል ሲገባ የምንፈራለትም በከፊል ለዚሁ ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ የሚመጣው መሪ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዝ ነው። ይህ ስልት እ.ኤ.አ. በ1988 በሱዙኪ ሰርቮ ተጀምሮ ነበር፤ ዛሬ የመሪውን ክብደት የሚወስነው በኮምፒውተር ላይ የተጻፈ ትእዛዝ ነው። ድሮ ሽፋን ፈትቶ ጥርስ መቁጠር ይቻል ነበር። አሁን የሚቆጠር ጥርስ ቢኖርም ምርጫው ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ለተመራቂ ተማሪዎች አንድ የጥናት ሐሳብ ልተው። በወልድያ፣ በጎብዬና በቆቦ ግቢዎች ውስጥ የቆሙ አሮጌ ኤንትሬዎች ካገኛችሁ ወደ ብረት ማቅለጫ ከመሄዳቸው በፊት መሪያቸውን ከዳር እስከ ዳር አዙሩና ዙሩን ቁጠሩ፤ የመሪውን ክብ ስፋት ለኩ፤ ሾፌሩ በየት በኩል ይቀመጥ እንደነበረ ጻፉ። ከዚያ የነዷቸውን አባቶች ፈልጋችሁ ግራ ካህሱን ስንት ጊዜ እጅ ቀያይረው እንደሚወጡ ጠይቋቸው። ረዳቶቹንም አትርሱ፤ የግራውን መንገድ ያዩት እነሱ ናቸው።

 አሁን ወደ ጥያቄ እንለፍ።