ገበጣ፦ ከመሬት ጉድጓድ እስከ ስልክ መስኮት

ገበጣ ሁለት ሰዎች በረድፍ በተሠሩ ጉድጓዶች ላይ ጠጠር እየዘሩ የሚጫወቱት የስሌት ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ከአንዱ ጉድጓድ ያለውን ጠጠር ሁሉ ያፍስና ወደፊት በየጉድጓዱ አንዳንድ እየጣለ ይሄዳል። የመጨረሻዋ ጠጠር የምታርፍበት ቦታ ምን እንደሚሆን ይወስናል፤ ወይ ተራው ያልቃል፣ ወይ ዘሩ ይቀጥላል፣ ወይ የባላጋራው ጠጠር ይማረካል። ዕጣ አይወጣበትም፣ የሚደበቅ ነገርም የለበትም። ሁሉም ጠጠር ለሁለቱም ዓይን ይታያል፤ የሚያሸንፈው አርቆ የቆጠረ ነው።

መጫወቻው ከእንጨት ይፈለፈላል፣ በድንጋይ ላይ ይቀረጻል፣ ወይም ሜዳ ላይ ይቆፈራል። ለእረኛ የሚቀለው መሬቱን መጫር ነው፤ ጠጠር ከሌለ ባቄላ ወይም የዛፍ ፍሬ ይተካዋል። ከአዲስ አበባ በሚወጡት አውራ መንገዶች ላይ በተቆረቆሩት ከተሞች፣ ማለትም በደሴ መንገድ በሰንዳፋ፣ በጎጃም መንገድ በሱሉልታ፣ በአምቦ መንገድ በቡራዩና በጅማ መንገድ በሰበታ፣ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ጎን ለጎን ይነገራሉ። ስለዚህ ጨዋታው በአንዱ ቋንቋ ገበጣ፣ በሌላው ሰዴቃ ይባላል።

የጨዋታው ዕድሜ ረጅም ነው። በአክሱም መንግሥት ይዞታ በነበሩት በመጠራና በየሐ የሸክላ ገበጣ ስባሪና ዓለት ላይ የተፈለፈሉ ጉድጓዶች ተገኝተዋል፤ ዘመናቸውም ከ6ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይገመታል። በ1893 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አክሱምንና የሐን የጎበኘው እንግሊዛዊ ተጓዥ ቴዎዶር ቤንት በዚያው ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ገበጣ ጽፏል። አሜሪካዊው የጨዋታ ተመራማሪ ስቱዋርት ኩሊን የቤንትን ጽሑፍ ተጠቅሞ ጨዋታውን ማንካላ በሚል የወል ስም ከሚታወቁት የአፍሪካና የእስያ ጨዋታዎች ተርታ መደበው።

የኢትዮጵያን አጨዋወቶች በስፋት የሰበሰበው ግን የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ነው። በ1963 በተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበረው ፓንክረስት፣ በ1971 ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር በተባለው መጽሔት ላይ ከኢትዮጵያና ከአፍሪካ ቀንድ ያሰባሰባቸውን ከመቶ በላይ አጨዋወቶች አሳተመ። ልዩነታቸው በጉድጓዱ ብዛት፣ በመነሻው ጠጠር ቁጥር፣ በአዘራር አቅጣጫና በአማረክ ሕግ ነው። ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው የረድፉ ቁጥር ነው። በምዕራብ አፍሪካና በእስያ የተለመደው ባለሁለት ረድፍ፣ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ የተለመደው ደግሞ ባለአራት ረድፍ ሲሆን፣ ባለሦስት ረድፍ ገበጣ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ ብዙም አይገኝም። በዚህ ዓይነቱ ገበጣ ብዙ ጊዜ በየረድፉ 6፣ በድምሩ 18 ጉድጓድ ይኖራል። ተጫዋቹ በአጠገቡ ያለው ረድፍ የራሱ ነው፤ የመካከሉን ረድፍ ከባላጋራው ጋር እኩል ይካፈላል።

ወደ ኮምፒውተር የገባው ዘር ከዚህ ሁሉ የተለየ ነበር። በ1940 ዊልያም ጁሊየስ ቻምፒየን የተባለ አሜሪካዊ ከማንካላ ተነሥቶ ካላህ የሚባል ቀለል ያለ ጨዋታ አወጣ፤ በ1958ም ይህንኑ የሚሸጥ ኩባንያ አቋቋመ። ካላህ ሁለት ረድፍ አለው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች 6 ጉድጓድና የማረከውን የሚያከማችበት አንድ ትልቅ ጉድጓድ፣ ማለትም ጎተራ፣ ይደርሰዋል። የመጨረሻዋ ጠጠር በገዛ ጎተራው ከገባች ተጫዋቹ ይደግማል፤ በራሱ ወገን ባዶ ጉድጓድ ላይ ካረፈች ከፊት ለፊቷ ያለውን ይማርካል።

ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ይህ የተመቸ ነበር። በአንድ ተራ ያለው ምርጫ ቢበዛ ስድስት በመሆኑ ማሽኑ ከቼዝ ይልቅ ራቅ አድርጎ ማስላት ይችላል። በ1964 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮጀክት ውስጥ ሪቻርድ ራስል የካላህ ፕሮግራም ሠርቶ ዘገባ አቀረበ። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ኮምፒውተር የተሻለውን እርምጃ የሚፈልግበትን ዘዴ ለሚያጠኑ ሰዎች መሞከሪያ ሆነ። በ2000 ጄፍሪ ኧርቪንግ፣ ዬሮን ዶንከርስና ዮስ አውተርቫይክ ካላህን በኮምፒውተር ፈትተው፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ተይዞ ሲጀመርና ሁለቱም ሳይሳሳቱ ሲጫወቱ ቀድሞ የጀመረው እንደሚያሸንፍ አሳዩ። በ2002 ደግሞ በአምስተርዳም ጆን ሮማይንና ሄንሪ ባል አዋሪ የተባለውን የምዕራብ አፍሪካ ማንካላ ፈቱ። 144 ፕሮሰሰሮች ለ51 ሰዓት ሠርተው ከ889 ቢሊዮን በላይ አቀማመጦችን መረመሩ፤ ውጤቱም አቻ ሆነ።

ጨዋታው ወደ ስልክ የተሻገረው በዚሁ ወቅት ነው። በ2000 ገበያ ላይ የዋለው ኖኪያ 3310 አራት ጨዋታዎች ተጭነውበት መጣ፤ ከዝነኛው እባብ ጋር ባንቱሚ የሚባል ነበረበት። ባንቱሚ ካላህ ነው። 84 በ48 ነጥብ በሆነች ጥቁርና ነጭ መስኮት ላይ 12 ጉድጓድና ሁለት ጎተራ ይታያል፤ ባላጋራው ስልኩ ራሱ ነው። የስልኩ ቁጥር ሰሌዳ ለምርጫው በቂ ስለሆነና ትንሽ ማኅደረ ትውስታ ስለሚበቃው፣ የዚያን ዘመን ስልክ ሳይጨናነቅ ያጫውተው ነበር። በዓለም ዙሪያ ከ120 ሚሊዮን በላይ የተሸጠው ይህ ስልክ በኢትዮጵያም በብዙ ሰው እጅ የገባ ነው።

በኢትዮጵያ የሞባይል አገልግሎት የተጀመረው በ1999 በአዲስ አበባ ነበር። አጭር የጽሑፍ መልእክት ከ2005 አጋማሽ እስከ 2007 መገባደጃ ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ፣ ስልክ ከመደወልና ሰዓት ከማየት ሌላ የሚሰጠው ዋና አገልግሎት ከፋብሪካ ተጭነው የመጡት ጨዋታዎች ነበሩ። ገበጣን በመሬት ላይ ያውቅ ለነበረ ሰው ባንቱሚ እንግዳ አልነበረም፤ ጠጠሩና ጉድጓዱ ያው ነው። ሕጉ ግን በአሜሪካ የተሠራው ነበር።

ስማርት ስልክ ሲመጣ ማንካላ በየመተግበሪያ መደብሩ በዛ፤ አብዛኞቹም የካላህን ሕግ ይከተላሉ። ኩኩሉ በተባለው የዶሮ ጨዋታ የታወቀው አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ ገበጣን በራሱ ስም ለስልክ አዘጋጅቶ አቀረበ።

ከመቶ በላይ አጨዋወት በስልክ ላይ ወደ አንድ የጠበበበት ምክንያት ከጨዋታው ጠባይ ይመነጫል። መሬት ላይ የሚጫወቱ ሁለት ሰዎች ጠጠሩን ከማደላቸው በፊት ስንት ጉድጓድ እንደሚቆፍሩና በየትኛው ደንብ እንደሚማርኩ ይስማማሉ፤ የአንዱ መንደር ሕግ ከሌላው ቢለያይም ጨዋታው አይቆምም። ፕሮግራም ግን አስቀድሞ የተጻፈ አንድ ሕግ ያስፈልገዋል፤ ቀድሞ በጽሑፍና በሸቀጥ መልክ የወጣው የካላህ ደንብ ስለነበር ፕሮግራም ጸሐፊው በእጁ ያገኘው እሱን ነው። የኢትዮጵያ አጨዋወቶች በአብዛኛው በቃልና በማየት የሚተላለፉ በመሆናቸው ብዙዎቹ ወደ ማሽን አልደረሱም። ባለሦስት ረድፉን ለስልክ መሥራት ግን ቴክኒክ አይከለክለውም፤ 18 ጉድጓድ ለዛሬ መስኮት ቀላል ነው፣ የብዙዎቹ ደንብም ፓንክረስት ከጻፈበት ከ1971 ጀምሮ ታትሞ ይገኛል።