ለቀዝቃዛ ወቅት የሚሆን የሞተር ብስክሌት ጓንት አመራረጥ

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ባሉት ወራት፣ በተለይም በሌሊትና በማለዳ፣ የበረሃውና የተራራማው አካባቢ አየር በእጅጉ ይቀዘቅዛል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ በራስ አል ኬይማ በሚገኘው የጀበል ጄስ ተራራ ላይ የአየሩ ሙቀት አንዳንድ ጊዜ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይጠጋል። በሞተር ብስክሌት ለሚጓዝ ሰው ደግሞ ነፋሱ ብርዱን ያባብሰዋል። የአየሩ ሙቀት 10 ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው፣ ባልተሸፈነ ቆዳው ላይ የሚሰማው ቅዝቃዜ የ4 ዲግሪ ያህል ነው።

የጣቶች መደንዘዝ የምቾት ብቻ ሳይሆን የደኅንነት ጉዳይ ነው። የደነዘዘ እጅ ፍሬንና ፍሪሲዮን ለመጨበጥ ይዘገያል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሞተር ብስክሌት በግማሽ ሴኮንድ መዘግየት ብቻ ከ8 ሜትር በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ጓንት ሲመረጥ ሙቀት መስጠቱ ብቻ ሳይሆን ጣቶችን እንደ ልብ ማንቀሳቀስ ማስቻሉም ሊታይ ይገባል።

ለብርድ የሚሠራ ጓንት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገሮችን ያጣምራል፦ መፋተግን የሚቋቋም የቆዳ ወይም የጠንካራ ጨርቅ ውጫዊ ክፍል፣ ነፋስና ውኃ የሚከለክል ስስ ሽፋን እንዲሁም ሙቀት የሚይዝ ገበር። ተራ የሱፍ ጓንት ነፋስ ያሳልፋል፤ አሽከርካሪው ቢወድቅም እጁን በበቂ ሁኔታ አይጠብቅም።

ጠባብ ጓንት የደም ዝውውርን ስለሚገታ ጣቶችን ይበልጥ ያቀዘቅዛል፤ ከልክ በላይ ወፍራም የሆነው ደግሞ ፍሬኑን በሚገባ ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ገዢው ከመክፈሉ በፊት ጓንቱን አጥልቆ፣ መሪ እንደሚይዝ አድርጎ እጁን መጨበጥ አለበት። በጣቶቹ ጫፍ ጥቂት ክፍተት መኖሩ ተገቢ ሲሆን፣ በመዳፉ ላይ ግን ጓንቱ መጨማደድ የለበትም። የእጅ አንጓው ማሰሪያ ሲጠብቅ ጓንቱ ተስቦ የማይወልቅ፣ በጃኬቱ እጅጌና በጓንቱ መካከልም ነፋስ የማያስገባ ሊሆን ይገባል።

የአውሮፓ የሞተረኞች ጓንት መመዘኛ ኢ.ኤን. 13594 ይባላል። ይህን መመዘኛ ያሟላ ጓንት በውስጡ ባለው መለያ ላይ የሞተረኛ ምስልና የደረጃ ቁጥር 1 ወይም 2 ይታተምበታል፤ ደረጃ 2 ከፍ ያለውን የመከላከል ብቃት ያመለክታል።

የረጠበ ጓንት ከማሞቂያ ርቆ ነፋሻማ ቦታ ላይ ሊደርቅ ይገባል፤ ኃይለኛ ሙቀት ቆዳውን ያደርቀዋል፣ ሽፋኑንም ይጎዳል። በጉዞ ላይ ጣቶች መደንዘዝ ከጀመሩ ከመንገዱ ወጥቶ መቆምና እጅን ማሞቅ ከማንኛውም ጓንት የበለጠ ጥንቃቄ ነው።