የሥራ መንገድ በሥዕል፤ ከጭልጋ ኬላ እስከ ኮምፒውተር



ሥራ ሁሉ መንገድ አለው። ቡና የምታፈላ እናት ቡናውን ሳታጥብ አትቆላም፤ ሳትቆላ አትወቅጥም፤ ሳትወቅጥም ጀበና ውስጥ አትጨምርም። ቅደም ተከተሉን በልቧ ስለያዘችው ሥዕል አያስፈልጋትም። ነገር ግን አንድ ጉዳይ ከሰው ወደ ሰው፣ ከክፍል ወደ ክፍል የሚተላለፍ ሲሆን፣ እያንዳንዱ የራሱን ጠረጴዛ እንጂ ሙሉውን መንገድ አያውቅም። የሥራን መንገድ በሥዕል መንደፍ ያስፈለገውም ስለዚህ ነው። በዚህ ጽሑፍ የዚህን ጥበብ ታሪክ በአጭሩ ከገለጽሁ በኋላ፣ እኔም ራሴ ሞክሬ ያገኘሁትን ትምህርት ለመናገር አስቤአለሁ።

ታሪኩን ከደጃፋችን ልጀምር። አይከል የጭልጋ ከተማ ናት፤ በጭልጋም ከጎንደር ወደ ስናር የሚወስደው የጥንቱ የነጋዴ መንገድ ያልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1699 ታላቁን ኢያሱን ለማከም ከካይሮ ተነሥቶ ወደ ጎንደር የመጣው ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ በዚህ በኩል ሲያልፍ ያየውን ጽፎ አቆይቶልናል። እርሱ እንደ ጻፈው፣ የስናር ንጉሥ በኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ፈቃድ በጭልጋ አንድ የቀረጥ ሹም አስቀምጦ ነበር። ሹሙ ከስናር ወደ ኢትዮጵያ በሚገባው ጥጥ ላይ ቀረጥ ይቀበላል፤ የተሰበሰበውንም ሁለቱ ነገሥታት እኩል ይካፈሉታል። ይህን ልብ እንበል፤ ሁለት መንግሥታት፣ አንድ ሹም! ይህ አሠራር በሥዕል ቢነደፍ ሦስት መስመር ይበቃው ነበር፤ አንዱ ለነጋዴው፣ አንዱ ለሹሙ፣ አንዱ ለነገሥታቱ። ዛሬ የምናውቀው የሥራ ሥዕል ግን የመጣው ከዚያ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

አሜሪካዊው ፍራንክ ጊልብሬዝ ኑሮውን የጀመረው በግንበኝነት ነው። ግንበኛ አንድ ጡብ ለማኖር 18 ጊዜ እንደሚንቀሳቀስ ተመልክቶ፣ የማይጠቅመውን በማስቀረት ወደ 5 ያህል አወረደው። እርሱና ባለቤቱ ሊሊያን እ.ኤ.አ. በ1921 ለአሜሪካ የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር የሥራን ሂደት በሥዕል የመግለጫ ዘዴ አቀረቡ። ማኅበሩም በ1947 አምስት ምልክቶችን ደነገገ፤ ክብ ለሥራ፣ ቀስት ለማጓጓዝ፣ አራት ማዕዘን ለምርመራ፣ ሦስት ማዕዘን ለማከማቸት፣ አምስተኛው ደግሞ ለመዘግየት። ይህን አምስተኛውን አንባቢ እንዳይረሳብኝ እለምናለሁ።

በዚያው በ1947 ኸርማን ጎልድስታይንና ጆን ፎን ኖይማን ለኮምፒውተር የሚሰጠውን ትእዛዝ ቅደም ተከተል በሥዕል መንደፍን አስተማሩ። እንዲህ እያለ ጥበቡ ሲስፋፋ ምልክቱም በየስፍራው ተለያየ፤ አንዱ የሣለውን ሌላው ለማንበብ ተቸገረ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2004 ቢፒኤምኤን የተባለ የጋራ የሥዕል ቋንቋ ወጣ፤ ሁለተኛው ዝርያው በ2011 ታትሞ፣ በ2013 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። በዚህ ቋንቋ ቀጭን ክብ መጀመሪያን፣ ወፍራም ክብ መጨረሻን ያሳያል፤ ማዕዘኑ የተለዘበ ሳጥን ሥራን፣ በጫፉ የቆመ አራት ማዕዘን ደግሞ መንታ መንገድን ያመለክታል። ልዩ ልዩ ወገኖች በየራሳቸው ሰፈር ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸው የሚመላለሰው መልእክት በተቆራረጠ መስመር ይሠመራል። ሰዓት የተሣለበት ክብም ጊዜ መጠበቅን ይገልጻል።

በኮምፒውተር ያለው የሥዕል ማዘጋጃ እነዚህን ምልክቶች በአንድ ወገን ደርድሮ ያቀርባል። ነዳፊው በማውስ እየጎተተ በነጩ ገጽ ላይ ያኖራቸዋል፤ በቀስትም ያያይዛቸዋል። አንዱን ሳጥን ከስፍራው ቢያነሣው ቀስቱ ይከተለዋል። ስለዚህ እንደ ወረቀት መደለዝና መቅደድ የለም፤ ስሕተትን ማረም ቀላል ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ከሾሙ ወዲህ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብና ማኅተም እየበዙ ሄዱ፤ ባለጉዳይ የሚሄድበትም መንገድ እየረዘመ መጣ። በ1988 ዓ.ም. የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ፕሮግራም ሲጀመር ከአምስቱ ዘርፎቹ አንዱ የአገልግሎት አሰጣጥ ነበር። በ1990ዎቹም መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ የተባለው ዘዴ ወደ መሥሪያ ቤቶች ገባ። የሐሳቡ ምንጭ አሜሪካዊው ማይክል ሐመር እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው ጽሑፍ ነው፤ ቃሉም ባጭሩ አሮጌውን አሠራር ከመጠገን ይልቅ ከመሠረቱ እንደገና መንደፍ ይሻላል የሚል ነው። ሠራተኞች ተመርጠው ነባሩን አሠራር በሥዕል ነደፉ፤ በአጠገቡም አዲሱን ነደፉ። «ክፍል» ይባል የነበረው «የሥራ ሂደት»፣ ኃላፊውም «የሥራ ሂደት ባለቤት» ተባለ። ወላጆቻችን ይህን ቃል በየቢሮው በር ላይ አንብበውታል።

የዚህ ለውጥ መልካም ነገሩ ጉዳይ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያልቅ መጠየቅን ማስተማሩ ነው። ይሁን እንጂ በር ላይ ያለውን ስም መለወጥ ብቻውን መንገድን አያሳጥርም። በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶችን አገልግሎት በአንድ ጣሪያ ሥር ሰበሰበ። ለእኔ ይህ የጥንቱን የጭልጋ ኬላ ያስታውሰኛል፤ ባለሥልጣኖቹ ብዙ ቢሆኑም ባለጉዳዩ የሚቆመው በአንድ በር ነውና።

አሁን የራሴን ሙከራ ልናገር። ባለፈው ክረምት የአባቴ የመሬት ይዞታ ደብተር ጣሪያው አፍስሶ በዝናብ ተበላሸ። ምትክ ለማውጣት አባቴ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት አራት ጊዜ ተመላለሱ። ቤታችን ከከተማው የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ስለ ሆነ አንድ ምልልስ አንድ የሥራ ቀን ይበላል፤ ወራቱም የአረም ወራት ነበር። በመጀመሪያው ቀን የቀበሌ ደብዳቤ አምጣ ተባሉ። በሁለተኛው ፎቶግራፍ ጎደለ ተባሉ። በሦስተኛው ማኅተም የለም ተባሉ። በአራተኛው ደብተሩን ተቀበሉ።

ትምህርት ቤት ሲከፈት በኮምፒውተር ክፍል ይህን ነገር ነደፍሁት። ማመልከቻ፣ መዝገብ ቤት፣ ባለሙያ፣ ኃላፊ፣ ማኅተም እያልሁ ዘጠኝ ሳጥን አወጣሁ፤ ቀስቱም ቀጥ ብሎ ሄደ። ስላማረልኝ ለመምህሬ አሳየኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት ተመልክተው፣ «የወረቀቱን መንገድ ነድፈሃል፤ አባትህ ግን የት ናቸው?» አሉኝ። አፈርሁ። አራት ቀን የተንገላቱት ሰው በሥዕሌ ውስጥ የሉም!

እንደገና ጀመርሁ። ለአባቴ የራሳቸውን ሰፈር ከላይ አበጀሁላቸው፤ በእርሳቸውና በመሥሪያ ቤቱ መካከል የተቆራረጠውን መስመር ባሠምር ስምንት ጊዜ ወጣና ወረደ። የሁለቱ ምልልስ ምክንያት አንድ ነበር፤ ይኸውም የሚያስፈልገው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን አለመነገሩ ነው። የማኅተሙ ነገር ግን አልገባኝም፤ በልቤ ስንፍና ነው ብዬ ፈርጄ ነበር። ሥዕሉን አትሜ ለመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ባሳያቸው ሳይቆጡ ተመለከቱት። ከዚያም እርሳስ አንሥተው፣ «ማኅተሙን የሚይዘው አንድ ሰው ነው፤ ለመስክ ሥራ ሲወጣ ይቆለፍበታል፤ እኔም እንደ አባትህ ነው የምጠብቀው» እያሉ እኔ ያላወቅሁትን ሳጥን ጨመሩበት። የሥዕሉንም ቅጂ እንድተውላቸው ጠየቁኝ። እኔም በዚያ ስፍራ ሰዓት ያለበትን ክብ አኖርሁ። የጥንቶቹ መሐንዲሶች ለመዘግየት ለብቻው ምልክት የሰጡበት ምክንያት ያን ጊዜ ገባኝ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ከዚህ የተማርሁት ይህ ነው። የሚሠራውን ብቻ የሚያሳይ ሥዕል ለግድግዳ ጌጥ ይሆናል፤ የሚጠብቀውንም ሰው የሚያሳይ ሥዕል ግን መንገድን ያሳጥራል። ሥዕሉም እውነተኛ የሚሆነው ነዳፊው ባለጉዳዩንም ሠራተኛውንም ሲጠይቅ ነው። ከእኛ መካከል ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ የሚቀመጡ ብዙዎች ናቸው። ያን ጊዜ ወረቀት በእጃችን ሲገባ፣ ከወረቀቱ በስተኋላ ሦስት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ በር ላይ የቆመ ሰው እንዳለ እናስብ። የአባቴ አራት ቀን አይመለስም፤ የሌላው አባት አራት ቀን ግን ሊተርፍ ይችላል።