ዘሩና አፈሩ

ደብረ ታቦር ሲባል ሁላችንም ጋፋትን፣ ሴባስቶፖልንና አጼ ቴዎድሮስን እንደረድራለን። ዛሬ መድፉን እዚያው ጋፋት እንተወውና ስለ ጡት ካንሰር እናውጋ።

መጀመሪያ ከስሙ ጋር እንጣላ። አማርኛችን ካንሰርንም «ነቀርሳ» ይላል፣ ቲቢንም «የሳንባ ነቀርሳ» ይላል። ቲቢ በትንፋሽ ይተላለፋል፤ ካንሰር ግን አይጋባም። የታመመች ሴት መጠጫዋ ሲለይባት ጥፋቱ በከፊል የቃሉ ይመስለናል።

በሽታው አዲስ አይደለም። ከ3,500 ዓመት በፊት የተጻፈ የግብፅ ፓፒረስ የጡት እብጠትን ይገልጽና መድኃኒት የለውም ብሎ ያልፋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አሜሪካዊው ዊሊያም ሃልስቴድ ጡትን ከደረት ጡንቻና ከብብት ንፍፊት ጋር ጠራርጎ ያወጣ ነበር።

እኛን የማረከን ግን እንግሊዛዊው ስቴፈን ፓጀት ነው። በ1889 እ.ኤ.አ. በጡት ካንሰር የሞቱ 735 ሴቶችን መዝገብ ሲያገላብጥ አንድ ነገር አየ፦ ካንሰሩ ጉበት ላይ ይበዛል፣ ጣፊያ ላይ ግን እምብዛም የለም። ደም እኮ ለሁለቱም ይደርሳል! ዘር በየአቅጣጫው ይበተናል፣ የሚበቅለው ግን የተስማማው አፈር ላይ ነው አለ። የደቡብ ጎንደር ገበሬ ይህን ለመረዳት ሐኪም አያሻውም፤ ገብሱን ጉና ላይ፣ ሩዙን ፎገራ ሜዳ ላይ ነው የሚዘራው።

ሕዋሶቹ ከእብጠቱ ተነጥለው በደምና በሊምፍ ይጓዛሉ። አጥንት፣ ሳንባ፣ ጉበት፣ አንጎል ላይ ያርፋሉ። አራተኛ ደረጃ የሚባለው ይኼ ነው። አጥንት ላይ የበቀለውም ያው የጡት ካንሰር ነው፤ የሚታከመውም በጡት ካንሰር መድኃኒት ነው።

«ቢላ ከነካው ይዛመታል» የሚለውን ወሬ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ሴትየዋ ሐኪም ጋ ስትደርስ ዘሩ ቀድሞ ተበትኗል፤ ስትሞት ጥፋቱ በቢላው ይላከካል። ቀጣይዋም ፈርታ ትዘገያለች።

መዘግየቱ የፍርሃት ብቻም አልነበረም። ለሁለት አስርት ዓመታት ገደማ በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነው። ከደብረ ታቦር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ አዲስ አበባ ቤት ፈልጎ፣ ወረፋ መጠበቅ ማለት ነው። ጨረር የተዛመተውን ባያድንም የአጥንት ሕመምን ያስታግሣል፤ አንዳንዴ በአንድ ቀን ሕክምና ብቻ።

ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከኢትዮጵያውያን የጡት ዕጢዎች ሁለት ሦስተኛው ገደማ በሆርሞን የሚያድጉ መሆናቸውን አሳየ። ለእንዲህ ዓይነቱ ታሞክሲፌን አለ፤ ከተዛመተም በኋላ እድገቱን ሊያዘገይ ይችላል። በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ነው፣ ደብረ ታቦር ቤቷ ተቀምጣ።