ቢሊዮን ስንት ነው?

ጥያቄው የሚያስቅ ይመስላል። አንድ ሺህ ሚሊዮን ነዋ! በጀት በጸደቀ፣ ብድር በተፈረመ ቁጥር የምንሰማው ቃል ነው። በርሊን ላይ ግን ይኸው ቃል ሌላ ነገር ነው። ለጀርመን ቢሊዮን ማለት ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ነው፤ ከአንድ በኋላ ዘጠኝ ሳይሆን አሥራ ሁለት ዜሮ። የእኛን ቢሊዮን እነሱ «ሚልያርደ» ይሉታል።

የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የጀርመን የመንግሥት ዕዳ ከ2 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ነው ብሎ የሚጽፍ የጀርመን ጋዜጣ አልተሳሳተም። ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ግን የአውሮፓን ትልቁን ኢኮኖሚ ዕዳ ለሕዳሴ ግድብ ወጣ ከሚባለው ገንዘብ አሳንሶት ቁጭ ይላል።

የታሪክ መጻሕፍትም ከዚህ ጣጣ አያመልጡም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1923 የጀርመን ማርክ ዋጋ አጥቶ አንድ ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ገባ። ይህ በእንግሊዝኛ አቆጣጠር ነው። ጀርመኖቹ 4.2 ቢሊዮን ነው የሚሉት፤ የገንዘብ ኖቱ ላይም የታተመው «ቢሊዮን» ነው። እንግዲህ አንዱን መጽሐፍ ከእንግሊዝኛ፣ ሌላውን ከጀርመንኛ የተረጎሙ ሁለት ሰዎች በሺህ እጥፍ ይለያያሉ፤ አንዳቸውም ግን አልዋሹም።

ለመሆኑ ማን ነው ትክክሉ? በዕድሜ ከሄድን ጀርመን ናት። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሰው ኒኮላ ሹኬ በ1484 ባዘጋጀው የእጅ ጽሑፍ ቢሊዮንን ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን አድርጎ አስቀምጦታል። «ቢ» ሁለት ነው፤ ሚሊዮንን ሁለት ጊዜ ማባዛት። ትሪሊዮን ደግሞ ሦስት ጊዜ። ስሙና ቁጥሩ ይገጥማሉ። ኋላ ላይ ፈረንሳዮች ራሳቸው ዜሮዎቹን ሦስት ሦስት እያደረጉ መቁጠር ጀመሩና ቢሊዮን ወደ ሺህ ሚሊዮን ወረደ። አሜሪካኖች ይህን አጭሩን ያዙ። እንግሊዝ በአሮጌው ጸናች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው እኔን የሚገርመኝ። ፈረንሳይ በ1961 በአዋጅ ወደ አሮጌው ቢሊዮን ተመለሰች። እንግሊዝ ደግሞ በተቃራኒው ሄደች። በዲሴምበር 1974 አንድ የወግ አጥባቂ ፓርቲ የፓርላማ አባል ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ዊልሰንን ሚኒስትሮቹ ቢሊዮንን በእንግሊዝ ትርጉሙ ብቻ እንዲጠቀሙ ያደርጉ እንደሆነ ጠየቃቸው። ዊልሰን እንቢ አሉ፤ ቃሉ በዓለም አቀፍ ደረጃ ሺህ ሚሊዮን ማለት ሆኗል ብለው መለሱ። በመካከላቸው ጠባብ ባሕር ብቻ ያለ ሁለት ጎረቤታሞች እንዲህ ቦታ ተለዋወጡ። ዶላሩ ያለው ማን ጋ እንደነበረ ስናስብ የእንግሊዝ ውሳኔ ብዙም አይደንቅም።

በአንድ ቋንቋ ውስጥ እንኳ ስምምነት የለም። ፖርቱጋል አሮጌውን፣ ብራዚል አጭሩን ይዘዋል። በስፔንኛ ደግሞ ቢሊዮን አሥራ ሁለት ዜሮ ስለሆነ፣ የእኛን ቢሊዮን «ሺህ ሚሊዮን» እያሉ ነው የኖሩት። በ1995 በቬኔዝዌላው ፕሬዚዳንት ራፋኤል ካልዴራ ጥያቄ የስፔን ቋንቋ አካዳሚ «ሚያርዶ» የሚል ቃል ተቀበለ። ሕዝቡ ግን እስካሁን ሺህ ሚሊዮኑን አልተወም።

እኛ አጭሩን ነው የያዝነው። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ለዚያው ቁጥር «ሚልያርድ»፣ የዓረብ አገሮቹ ደግሞ «ሚልያር» ሲባል ይሰማሉ።

በአውሮፓ ብቻ ግን አንሳቅ። ዓረቡ «አልፍ» ሲል አንድ ሺህ ማለቱ ነው፤ የዕብራይስጡ «ኤሌፍ»ም ያው ሺህ ነው። የእነሱ ዘመድ የሆነው የግዕዙ «እልፍ» ግን አሥር ሺህ ነው። ስለዚህ «እልፍ ሠራዊት» የሚል ቃል ስታገኙ፣ መጽሐፉ ከየትኛው ቋንቋ እንደተመለሰ መጀመሪያ እዩ።