«ሹመት ያዳብር» ለተመራጭ አይባልም

ንፋስ መውጫ ስሟን የሚያስተባብል ከተማ አይደለችም። ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ተቀምጣ ከጉና በኩል የሚመጣውን ብርድ ስትቀበል ትውላለች። እኛም ጠዋት ጠዋት ጋቢያችንን ደርበን ቡና ወደሚፈላበት መሰብሰብ ልማዳችን ነው። ከ1997ቱ ምርጫ በፊት በአንዱ እንዲህ ያለ ጠዋት፣ ደርግ ሳይወድቅ ጡረታ የወጡ አንድ መቶ አለቃ ስኒያቸውን አስቀመጡና «ለክልል ምክር ቤት ልወዳደር ነው» አሉን።

የነበርነው ሁሉ በአንድ አፍ «ሹመት ያዳብር!» አልን። ሰውዬው ገና አልተመዘገቡም፤ እኛ ግን ሾመናቸው ጨረስን። ያልመረቀቻቸው ቡናውን የምታፈላው ሴት ብቻ ነበረች። ረከቦቱን እያስተካከለች «አንቱ መቶ አለቃ፣ ድምፅ ስጡኝ ብለው ከደጄ ሊቆሙ ነው?» አለቻቸው። እሳቸውም «እኔ? ልለምን?» ብለው ዝም አሉ። ከዚያች ቀን በኋላ ነገሩን አላነሱትም፤ ለምዝገባም አልሄዱ።

እኔ ግን የሴትዮዋን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ወታደር ያዛል፤ ዕጩ ይለምናል። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር በአገራችን ይቻላል ወይ? ታሪካችን ምን ይላል?

መጀመሪያ ይህ «ሹመት ያዳብር» ከየት እንደመጣ እንይ። ደጃዝማች የደጁ ጦር አዝማች፣ ፊታውራሪ የፊቱ ጦር መሪ፣ ቀኝ አዝማችና ግራ አዝማች ደግሞ የቀኝና የግራ ክንፍ አለቆች ነበሩ። ሁሉም የጦር ሰፈር ስሞች ናቸው። እነዚህኑ ስሞች ይዘው ነው ሹማምንቱ አገር ያስተዳደሩት፣ ግብር የሰበሰቡት። ለጋይንትና ለስማዳ ገበሬ የሚዋጋውና የሚገዛው አንድ ሰው ነበር። ሹም ከላይ ይመጣል እንጂ ከታች አይላክም። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት እንኳ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ነበሩ። ሕዝቡ አይጠየቅም።

በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት ግን የሕግ መምሪያ ምክር ቤትን አባላት ሕዝቡ በድምፁ እንዲመርጥ ፈቀደ፤ የመጀመሪያው ምርጫም ከዚያ በኋላ ተደረገ። ፓርቲ የሚባል አልነበረም፤ የተወዳደረው ሁሉ በግሉ ነው። የላይኛው፣ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾም ነበር። ስለዚህ ወደ ፓርላማ የሚያስገቡት በሮች ሁለት ነበሩ፤ አንዱ በሹመት፣ ሌላው በምርጫ። ዕድሜውን በማዘዝ ለጨረሰ ሰው የሹመቱ በር እንደሚቀለው ግልጽ ነው።

በምርጫው በር ከገቡት መካከል ግን አንድ የቀድሞ መኮንን ነበሩ። መቶ አለቃ ግርማ ወልደጊዮርጊስ በታኅሣሥ 1917 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ፤ በ1936 ዓ.ም. ከገነት ጦር ትምህርት ቤት በምክትል መቶ አለቅነት ተመረቁ፤ አየር ኃይልም አገለገሉ። ከዚያ ወደ ሲቪል አቪዬሽን ሥራ ተሻግረው እስከ ዋና ዳይሬክተርነት ደረሱ። በ1953 ዓ.ም. ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተመረጡ፤ ለ3 ተከታታይ ዓመታትም ምክር ቤቱን በፕሬዚዳንትነት መሩ። ልብ በሉልኝ፤ መለዮውን ያስቀመጡት ድምፅ ከመጠየቃቸው ዓመታት በፊት ነው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሡን አወረደ፤ ያንን ፓርላማም ዘጋ። ከዚያ በኋላ ወታደሩ ወደ ምክር ቤት የገባበት መንገድ ሌላ ነው። ለብሔራዊ ሸንጎ በ1979 ዓ.ም. ምርጫ ተደረገ፤ 835 መቀመጫ ነበረው። ዕጩዎቹን የሚያቀርበው ግን ኢሠፓና በሥሩ ያሉት ድርጅቶች ናቸው። መኮንኖቹ ካኪውን አውልቀው በሰፌድ ቀለም ልብስ ቢመጡም ትእዛዙ አብሯቸው ገባ። ሸንጎው መንግሥቱ ኃይለማርያምን ርዕሰ ብሔር አድርጎ ሲመርጥ፣ ጦሩንም የሚያዙት እሳቸው ነበሩ። ልብስ መቀየርና ሥልጣን መልቀቅ አንድ አይደለም። የአገሬ ሰውም ይህን ያጣው አይመስለኝም፤ ተሰለፍ ሲባል ተሰለፈ፣ ምረጥ ሲባል መረጠ።

ታዲያ መቶ አለቃ ግርማ በ1992 ዓ.ም. እንደገና ብቅ አሉ። ዕድሜያቸው 75 ነው። በበቾ በግል ተወዳድረው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተመረጡ። በገዥው ግንባርና በአጋሮቹ በተሞላ ምክር ቤት ውስጥ አንድ በግል የተወዳደሩ ሽማግሌ ማለት ነው። መስከረም 28 ቀን 1994 ዓ.ም. ምክር ቤቶቹ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት አደረጓቸው፤ ሕገ መንግሥቱ እንደሚያዘውም የምክር ቤት መቀመጫቸውን ለቀቁ። እስከ መስከረም 2006 ዓ.ም. ቆይተው በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. አረፉ። ፕሬዚዳንትነቱ ሥልጣኑ ጥቂት ነው፣ የመረጣቸውም የገዥው ወገን አብላጫ ድምፅ ነው የሚል ቢኖር አልከራከረውም። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ በ75 ዓመት ዕድሜ ደጅ ላይ ቆሞ «ምረጡኝ» ማለት። ብዙ ኮከብ የደረደሩ ጄኔራሎች ያልደፈሩትን አንድ መቶ አለቃ ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ሥርዓት አደረገው።

መመረጥ ብቻ አይደለም፣ መሸነፍም አለ። የቀድሞው የሕወሓት የጦር መሪና የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ ከዓመታት እስር በኋላ በ2002 ዓ.ም. በመድረክ ስም ተምቤን ላይ ተወዳደሩ፤ አልተመረጡም። ያ ምርጫ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ለኢሕአዴግና ለአጋሮቹ የሰጠ ነውና ፍትሐዊነቱ ብዙ አነጋግሯል። ቢሆንም ጦር ያዘዘ ሰው በድምፅ ተወዳድሮ ሲሸነፍ አየን፤ ይህ ራሱ ለአገራችን አዲስ ነገር ነበር። በናይጄሪያም ሙሐመዱ ቡሃሪ በጄኔራልነታቸው ዘመን በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ይዘው በመፈንቅለ መንግሥት ወረዱ፤ ከዚያ ጡረተኛ ሆነው በምርጫ 3 ጊዜ ተሸንፈው በአራተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ተሳካላቸው። በጠመንጃ በአንድ ሌሊት ያገኙትን በድምፅ ለማግኘት ከ10 ዓመት በላይ ለመኑ።

እንግዲህ «ጡረተኛ መኮንን ለምክር ቤት አይሆንም» የሚለውን አልቀበልም። የክልል ምክር ቤት ቀላል ቦታ አይደለም፤ የክልሉ የበላይ ሥልጣን አካል ነው፤ ሕግ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል፣ አስፈጻሚውን ይጠይቃል። የጦርነትን ዋጋ በቆሰለ ገላው የሚያውቅ ሰው እዚያ ቢቀመጥ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም። ችግሩ ሌላ ነው። መጠየቅን እንደ አለመታዘዝ የሚቆጥር ሰው መራጩን እንደ ጭፍራ ያያል። መራጩም ከለመደበት «አቤት ጌታዬ» ይላል። ለዚህ ነው ሁለቱም ወገን የሚማረው አለ የምለው። እሱ ደጅ ላይ መቆምን፣ እኛ ደግሞ «አልመርጥዎትም» ማለትን።

ይህ የቡና ወሬ ብቻ አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ድረስ ዘለቀ፤ ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በቆየችባቸው ጥቂት ቀናት ንብረቷ ተዘረፈ፣ ሴቶቿ ተደፈሩ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል በሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። ልጆቻችን ከእኛ የበለጠ የጠመንጃ ድምፅ ሰምተው አደጉ። ጠመንጃ የያዘ ሁሉ ስለ እኛ እናገራለሁ ይላል፤ እኛን የጠየቀን ግን የለም። ጠመንጃውን አስቀምጦ፣ «ይህን አስቤያለሁ፣ ድምፃችሁን ስጡኝ፤ ካልፈለጋችሁኝ ወደ ቤቴ እገባለሁ» የሚል የቀድሞ ወታደር ቢመጣ፣ ባንመርጠው እንኳ አንድ ነገር አስተምሮን ይሄዳል።

የኛ መቶ አለቃ ያንን ሳያደርጉ ቀሩ። አልወቅሳቸውም። ዕድሜ ልክ ሲያዙና ሲታዘዙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እኛም ድምፃችንን ይዘን ከመጠበቅ ይልቅ በምርቃት ሾመን ሸኘናቸው። ያቺ ቡና አፍዪ ብቻ ናት እንደ መራጭ ያናገረቻቸው።