የ«ዳፍኒ» መያዝ

የ«ዳፍኒ» መያዝ በኤፕሪል 1869 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ የጦር መርከብ «ሮዛሪዮ» በፊጂ፣ ሌቩካ ወደብ፣ የፓሲፊክ ደሴተኞችን የጫነች «ዳፍኒ» የተባለች ባለ ሸራ መርከብ የያዘበት ድርጊት ነው። የ«ሮዛሪዮ» አዛዥ ጆርጅ ፓልመር 100 ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ ዕርቃናቸውን፣ በጠባቧ መርከብ ታጭቀው አገኙ። ሠራተኛ የመመልመል ፈቃዷ በ1868ቱ የክዊንስላንድ ሕግ መሠረት ለመልማዩ ሮስ ሌዊን የተሰጠ ነበር። ሆኖም መርከቧ ከተፈቀደላት ቁጥር በላይ ጭናለች፤ ጭነቷንም ያደረሰችው ክዊንስላንድ ሳይሆን ፊጂ ነው።

ፓልመር መርከቧን በባሪያ ንግድ ከሰው ወደ ሲድኒ ላኩ። በመርከቧ ካፒቴን በዳጌትና በባለቤቷ በፕሪቻርድ ላይ የቀረበው ክስ ውድቅ ሆነ፤ ዳኛው ሰር አልፍሬድ ስቲቨንም መርከቧ የተያዘችው ያለ በቂ ማስረጃ ነው ብለው ወጪውን በፓልመር ላይ ጣሉ። ከዚህ የተነሣ ድርጊቱ እንደ ከሸፈ ሙከራ ይቆጠራል። ነገር ግን ክሱ የወደቀበት ምክንያት ራሱ ትምህርት ሰጪ ነው። የጸረ ባሪያ ንግድ ሕጎቹ የተቀረጹት ሰው በግልጽ ለሚሸጥበት የአትላንቲክ ንግድ ነበር፤ «የሥራ ውል» የሚል ወረቀት የያዘ ፈንጋይ ግን ከእነርሱ መረብ ያመልጥ ነበር። ከደሴተኞቹም የተወሰደ የምስክርነት ቃል አልነበረም።

በ1872 የወጣው የእንግሊዝ የፓሲፊክ ደሴተኞች ጥበቃ ሕግ ደሴተኛን ያለ ፈቃዱ መውሰድን ራሱን የቻለ ወንጀል አደረገ፤ የጦር መርከቦች ተጠርጣሪ መርከብ እንዲይዙ ፈቀደ፤ የደሴተኞችን ምስክርነት ለመቀበልም መንገድ ከፈተ። ሕጉን ያስወጣው በ1871 በፓሲፊክ ሚስዮናዊ የነበሩት የጳጳስ ፓተሰን መገደልና በዚያው ዓመት በ«ካርል» የምልመላ መርከብ ላይ ወደ 70 የሚጠጉ ደሴተኞች መጨፍጨፋቸው ነው የሚል መቃወሚያ ይነሣል። የፓተሰን መገደል ፓርላማውን ማነሣሣቱ አይካድም። የድንጋጌዎቹ ይዘት ግን ሲድኒ ላይ ክሱ የተሰናከለባቸውን ነጥቦች አንድ በአንድ ይነካል፤ ፓልመርም ጉዳዩን በ1871 ባሳተሙት መጽሐፍ ለአንባቢ አቅርበውት ነበር።

ሌላው መቃወሚያ ብዙ ደሴተኞች በገዛ ፈቃዳቸው ይሄዱ ነበር የሚለው ነው። ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ዳግም ለተዋዋሉት ይህ እውነት ይመስላል። ለ1869ኙ ጉዞ ግን ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ የተጫኑት ሰዎች መፍቀድ አለመፍቀዳቸውን ችሎቱ ከአንደበታቸው አልሰማምና።

አዲሱ ሕግ ምልመላውን አላስቆመም። ከ1863 እስከ 1904 ድረስ ለክዊንስላንድ ብቻ ወደ 62,000 የሚጠጉ ውሎች ተፈጽመዋል። የ«ዳፍኒ» ጉዳይ ፋይዳም ነፃ ባወጣቸው ሰዎች ብዛት አይለካም፤ ይልቁንም የባሕር ኃይል ጥበቃ በፍርድ ቤት ሊጸና የሚችል ሕግ ከሌለው የትም እንደማይደርስ በማሳየቱ ነው።